ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ጠረጴዛና አንድ የዓለም ካርታ ባላት ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በየትኛው ቀን የት እንደሚያርፍና ምን እንደሚጎበኝ የሚገልጽ ፕሮግራም ለኤምባሲው ማቅረብ አለበት። ያንን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ብዙ የሩቅ ከተሞችን በየመንገዳቸውና በየሆቴላቸው አውቃቸዋለሁ። ራሴ ግን ከሐዋሳ አልፌ አላውቅም።

ታሪኩ ወደ ቢሮአችን የመጣው ግንቦት ውስጥ ነው። ቱሪስቶችን ወደ ደቡብ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ረጅም፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው፣ ሲናገር ቀና ብሎ ዓይን ዓይን የሚያይ ልጅ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣

«ደቡብ አሜሪካ፣ አንድ ሳምንት» አለኝ። «ግማሹ የበረዶ ሸርተቴ፣ ግማሹ የባህል ጉብኝት ይሁን።»

ሳቄ አመለጠኝ። «የበረዶ ሸርተቴ ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን የባሕር ዳርቻ አይሻልህም? እሱ ይቀላል።»

«የባሕር ዳርቻ የሚለው ሁሉ ነው ቪዛ የሚከለከለው» አለ። «በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚሄድ ሰው እዚያው ይቀራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

ይህን ብሎ እንደ ቀልድ ፈገግ አለ። እኔም ገባኝ፤ እንዳልገባኝም ሆንኩ። በዚያ አህጉር በኩል የሚገቡ ያገራችን ልጆች ከአገር አገር በአውቶቡስና በእግር እየተሻገሩ፣ መሐል ላይ ያለውን ክፉ ጫካ አቋርጠው ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ እንደሚሄዱ በእኛ ሥራ ውስጥ የማያውቅ የለም። አለቃዬን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። «እኛ ፕሮግራም እናዘጋጃለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጓዡ ጉዳይ ነው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ያንን ፕሮግራም የጻፍኩት በደስታ ነው። ሐምሌ እዚያ የበረዶ ወቅት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰኞ ሳንቲያጎ መድረስና ዕረፍት፤ ማክሰኞ የድሮው ከተማ፣ የዓሣ ገበያውና የጥንት ሕዝቦች ሙዚየም፤ ረቡዕ ቫልፓራይሶ የምትባለው የወደብ ከተማ፤ ሐሙስና ዓርብ አንዲስ ተራራ ላይ የበረዶ ሸርተቴ ከአሠልጣኝ ጋር፤ ቅዳሜ የወይን እርሻ ጉብኝት፤ እሑድ ማታ መልስ፣ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ። ታሪኩ ቅዳሜን ሲያነብ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይኑን አውጪው።»

«ለምን? ኤምባሲው ይወደዋል።»

«አባዬ ያነቡታል። ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይገባም።»

ወይኑን አወጣሁና የሸክላ ሠሪዎች መንደር አስገባሁ። ከዚያ አንድ ኮፒ ለአባቱ በአማርኛ እንድገለብጥለት ለመነኝ። ለቤተሰቡ «በሹፌርነት ያገለገልኳቸው እንግዶች ወደዱኝና ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ጋበዙኝ» ብሎ ነግሯቸዋል። ገለበጥኩለት። በትልልቅ ፊደል፣ አዛውንት ሰው በቀላሉ እንዲያነበው አድርጌ።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ሦስት ቀን አብረን ተለማመድን። በኮምፒዩተሬ ላይ ሰዎች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እያየን፣ «ለምን ይህን ስፖርት መረጥክ?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። እሱ ይመልሳል። ሲሳሳት እንስቃለን። ቪዛው ተሰጠው። በሐምሌ መጨረሻ፣ በአንድ እሑድ፣ ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ የቢሮአችንን በር በጥንቃቄ ከፍተው ገቡ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል፤ በእጃቸው ጃንጥላና በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዘዋል።

«ትዕግስት የምትባለውን ልጅ ፈልጌ ነው።»

«እኔ ነኝ አባባ። ይቀመጡ።»

«ጌታ ይባርክሽ። ኤርሳዶ እባላለሁ፤ የታሪኩ አባት ነኝ። ልጄ ‹የጠፋሁ ሲመስልዎ እሷን ይጠይቋት፣ ፕሮግራሙን ታውቀዋለች፣ ኢንተርኔትም አላት› ብሎኝ ሄደ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። እኔ የገለበጥኩት ነው። ጣታቸውን «ሰኞ» በሚለው ላይ አድርገው፣ «እንግዲህ ዛሬ ደርሶ አርፏል ማለት ነው?» አሉኝ።

መልሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ታሪኩ ነበር፤ በኢንተርኔት ነው የደወለው። ስልኩን ለአባትየው ሰጠኋቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ተነሥተው ቆሙ፤ ቆመው ነው ያናገሩት። «ደረስክ? በልተሃል? ብርዱስ? እናትህ ሹራቡን ልበስ ብላለች።» ሲጨርሱ ስልኩን በኮታቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ድምፁ እዚህ ጎረቤት ያለ ነው የሚመስለው» አሉ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባባ ኤርሳዶ በየቀኑ ከሰፈራቸው ከፉሪ በታክሲ እየመጡ ያን ዕለት በወረቀቱ ላይ ያለውን ቦታ አሳዪኝ ይሉኝ ጀመር። ከሃዲያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል፤ አሁን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ማክሰኞ ሙዚየሙን አሳየኋቸው። ረቡዕ የቫልፓራይሶን ኮረብታዎች፣ ቀይና ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡትን ቤቶች አሳየኋቸው። ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«ይቺን ሰማያዊ፣ ፀሐይ ቶሎ ትበላታለች» አሉ። «ጥሩ ቀለም አይደለም።»

ከዚያ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ትልቁ ልጃቸው አነሡ።

«ታሪኩ ታላቅ ወንድም ነበረው። ደሳለኝ ይባላል። ወደ ደቡብ አፍሪካ በመንገድ ሄደ።» የእኛ ሰው «በመንገድ» ሲል ያለ ቪዛ፣ በደላላ እጅ፣ በጭነት መኪናና በእግር ማለቱ ነው። «ሬሳውም አልመጣም። አብረውት የነበሩ ልጆች ናቸው፣ መንገድ ዳር ቀበርነው ያሉን። የትኛው መንገድ? የትኛው ዳር? እነሱም አያውቁትም።»

ዓይናቸውን ከኮምፒዩተሩ አንሥተው ቀጠሉ።

«ከዚያ በኋላ ታሪኩን በጌታ ፊት አንበርክኬ ቃል አስገባሁት። በመንገድ አልሄድም ብሎኛል። ይኸው አሁን እንደ ሰው በቪዛ፣ እንደ ሰው ደርሶ መልስ ትኬት ይዞ ሄደ። ይህን ያሳየኝ ጌታ የተመሰገነ ይሁን።»

ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ከመስኮቱ ሆኜ ወደ ፉሪ ታክሲ መያዣው ሲሻገሩ አየኋቸው። ያን ቀን ከሰዓት አንድም ነገር በትክክል መሥራት አልቻልኩም።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። የበረዶው ቀን ነበር። ቪድዮ ከፈትኩላቸው። ነጭ ተራራ ላይ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሰዎች ቁልቁል ይወርዳሉ።

«ይህ በረዶ የኛው በረዶ ነው? ጣራ የሚበሳው?»

«አይደለም አባባ፣ ይህ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው።»

«እኛ አገር በረዶ ሲመጣ ያልታጨደ እህል ነው የሚያጠፋ። ሰው ሲጫወትበት አላየሁም።» ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ዛሬ ጠዋት ታሪኩ እንዳይወድቅ ብለን ጸልየናል። እናቱ ደግሞ፣ ቢወድቅም ለስላሳው ላይ ይሁን አለች።»

እሳቸው ከሄዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልእክቱ ገባ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ትዕግስት፣ የሚያሻግሩንን ሰዎች አግኝቻቸዋለሁ። ቅዳሜ በማለዳ ወደ ሰሜን እንነሣለን። እስከዚያ በዚህ ቁጥር አለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ አይሠራም። ለአባዬ ስደርስ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አንቺ ጋ ከመጡ አረጋጊልኝ።»

ተራራው ላይ አልወጣም። አሠልጣኝም፣ ሸርተቴም የለም። ከመጀመሪያው እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ ግን መልእክቱን እስካነብ ድረስ በሆነ መንገድ ያን ሳምንት በእውነት የሚያሳልፈው መስሎኝ ነበር። የጻፍኩትን እኔው አምኜዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት አባባ ኤርሳዶ ገቡ። እንደ ወትሮው ቪድዮ አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ላስቸግርሽ ነው። ሌሊት እናቱ ሕልም አይታ ተጨንቃለች። በዚህ በኢንተርኔቱ አንዴ ደውዪልኝ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ እዘጋለሁ።»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መካከል ነበር። ታሪኩ እንደሚያነሣ አላውቅም። ግን ቁጥሩ ይሠራ ነበር። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው።

«ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም አባባ» አልኳቸው።

አልተጠራጠሩም። እንዲያውም ስለጠየቁኝ ያፈሩ መሰሉ። «ለካ! በረዶ ላይ ምን ኔትወርክ ይኖራል፤ እኔም ሳላስብ ነው። በይ ከተራራው ሲወርድ ይደውላል።» ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «እናቱን እንዲህ ብዬ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለታሪኩ ቃል የገባሁ መስሎኝ ነበር። ሥራዬንም ፈርቻለሁ፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት አውቄ መሆኑ ይወጣል ብዬ። እንደ ሌሎቹ ይደርስ ይሆናል፣ ሲደርስ ይደውልና አባትየውም በደስታ ይረሱታል ብዬም አስቤያለሁ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን በዚያች ደቂቃ አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ የፈለግሁት እሳቸው ከፊቴ ዞር እንዲሉልኝ ብቻ ነው።

ወደ ማታ ሲል፣ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ለታሪኩ ጻፍኩለት። «አባትህን አናግራቸው። ስለ ደሳለኝ ነግረውኛል። ካልነገርካቸው ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

መልሱ ወዲያው መጣ።

«እንዳትነግሪያቸው። የአባዬን ድምፅ ከሰማሁ እመለሳለሁ። እባክሽ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያነበብነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። የጻፈው እሱና እኔ።

ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምንሠራው። አልመጡም። አምስት ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነበር። ስልኩን ሳስቀምጥ እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ አልኩ። ቢሮው ሲዘጋ አለቃዬ ወጣ፣ እኔ ግን የሆነ ነገር አስቀርቶኝ ወንበሬ ላይ ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አባባ ኤርሳዶ ደወሉ። ሳንቲያጎ ገና ማለዳ ነው፤ ምናልባት እነ ታሪኩ ገና አልተነሡ ይሆናል።

«ልጄ፣ ደውለሽልኝ ነበር? ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ነበረን፣ ስልኬን አጥፍቼው ነው። በሰላም ነው?»

ከጀርባቸው ሰዎች ይዘምራሉ። አፌን ከፈትኩ።

«በሰላም ነው አባባ። ለሰላምታ ነው የደወልኩት።»

«ተባረኪ። ያሳደገሽ ይባረክ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለታሪኩ የላክሁት መልእክት ሁሉ አልደረሰም።

ሰኞ መጡና በማግስቱ አብሬያቸው አውሮፕላን ማረፊያ እንድሄድ ለመኑኝ። «ገብቼ አላውቅም፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውንም አላነበውም። አንቺ ካለሽ አልደናገርም።» እሺ አልኩ። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቢሮ ውስጥ አይሆንም፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ ይቀለኛል ብዬ።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። አደባባዩ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ በእጃቸው ሁለት ጃንጥላ ይዘዋል። አንዱ የታሪኩ ነው። ታክሲ ያዝን። ቀለበት መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፤ መኪናው አሥር እርምጃ እየሄደ ይቆማል። ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ፤ ከሚበቃም በላይ።

«አባባ» አልኳቸው አንዴ።

«ወይ?»

«…በር በኩል ንፋስ ይገባብዎታል፣ ወዲህ ይጠጉ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና፣ «ማን ሊመጣ ነው አባት?» አላቸው።

«ልጄ። ከደቡብ አሜሪካ። በረዶ ላይ መንሸራተት ሊማር ሄዶ ነበር» አሉት። ሹፌሩ በመገረም ዞሮ አያቸው። አባባ ኤርሳዶ በኩራት ቀና አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ መልስ መልሰው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም።

ደርሰን ከተቀባዮች መሐል ቆምን። ታሪኩ ተሳፍሮ መምጣት የነበረበት የሳኦ ፓውሎ በረራ ማረፉን ሰሌዳው ላይ አነበብኩላቸው። «አረፈ?» አሉና ከረባታቸውን አስተካከሉ። መንገደኞች መውጣት ጀመሩ። ነጋዴዎች፣ ነጮች፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ረጅም ልጅ በወጣ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ፤ ሲቀርብ መልሰው ወደኋላ ይላሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት አላውቅም። በመጨረሻ የሚወጣው ሰው ሳሳ። አጠገባችን አበባ ይዘው ሲጠብቁ የነበሩት ቤተሰቦች እንግዳቸውን አቅፈው ሄዱ። የጽዳት ሠራተኛ መጥታ እግራችን ሥር ያለውን ውኃ ጠረገች።

«ሻንጣው ይሆናል ያዘገየው» አሉ።

«አባባ፣ ታሪኩ አይመጣም።»

«ነገ ነው?»

«አልተሳፈረም።»

«ታሟል?» ክንዴን ያዙኝ። «ወድቆ ነው? በረዶው ላይ ወድቆ ነው?»

«አልወደቀም። ተራራውም ላይ አልሄደም። ወደ ሰሜን ሄዷል። በመንገድ።»

ክንዴን ለቀቁ። አልጮኹም። ሁለቱን ጃንጥላዎች ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ፣

«መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

«ሐሙስ።»

«ዓርብ መጥቼ ነበር።»

«አዎ።»

«ደውዪልኝ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ አባባ።»

«ያኔ ስልኩ ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው ዞሮ ያየናል። እሳቸው ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባናግረው ኖሮ ይመለስ ነበር?»

መልእክቱ ኪሴ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነበር። የአባዬን ድምፅ ከሰማሁ እመለሳለሁ።

«አይመስለኝም አባባ» አልኳቸው። «ቆርጦ ነበር።»

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። «ተመስገን» አሉ። «እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አታልቅሺ።» አንደኛውን ጃንጥላ ከፍተው በእጄ አስያዙኝ፤ ወደ ዝናቡም ወጣን።

ፉሪ ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። የቤታቸው በር ጋ ስንደርስ ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ታሪኩን ሊቀበሉ ተሰብስበዋል፤ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ወደ ውጭ ይፈሳል። የቆርቆሮውን በር ልገፋ እጄን ስዘረጋ አባባ ኤርሳዶ ያዙኝ።

«ቆዪ፣ መዝሙሩ ይለቅ» አሉ።

በዝናቡ ውስጥ ቆምን። አንዱ መዝሙር አለቀና ሌላ ጀመሩ። እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ያለ ድምፅ፣ አብረው ይዘምሩ ነበር። ሁለተኛው ሲያልቅ ኮታቸውን አራገፉና፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብለውኝ ገቡ። ታክሲው ጋ ሳልደርስ የእናትየው ጩኸት ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ከታሪኩ ምንም አልተሰማም። አንድ ጊዜ አብሮት የነበረ ነው የተባለ ልጅ ጫካው አፍ ላይ እንደተለያዩ ተናገረ ተባለ፤ ልጁን ስንፈልገው ቁጥሩ አይሠራም። እኔ ከአምስት ወር በኋላ ሥራዬን ለቀቅሁ። አለቃዬ ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ በቦታዬ ሌላ ልጅ ገባች። አሁን አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሚስማርና ቧንቧ እሸጣለሁ። ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ የድሮውን አልነግራቸውም።

ባለፈው ዓመት አባባ ኤርሳዶ ደወሉና የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ድርጅት መኖሩን እንደሰሙ ነግረውኝ፣ ፎርሙን እንድሞላላቸው ጠየቁኝ። ሄድን። ቀለማቸው ጠቁሯል፤ ሰማያዊው ኮት ሰፍቷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት በትሕትና እየጠየቀ ይጽፋል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ምልክት።

«በመጨረሻ ከማን ጋር ተገናኘ?»

«ከእሷ ጋር ነው» አሉ አባባ ኤርሳዶ። በድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም።

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለሽ?»

ሰዎች ማግኘቱን፣ ቅዳሜ በማለዳ እንደሚነሣ፣ ወደ ሰሜን መሆኑን ነገርኩት። ጻፈ።

«ሌላስ? ትንሽ ነገርም ቢሆን ይጠቅማል። በመጨረሻ የጻፈልሽ ቃል ምን ነበር?»

አባባ ኤርሳዶ ፊቴን ያዩ ነበር።

«ሌላ ምንም አላለኝም» አልኩ።

«ምንም» ብሎ ጻፈ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ያወራሁላችሁ ከእናንተ ይቅርታ ፈልጌ አይደለም፤ ይቅርታውን የምትሰጡኝ እናንተ አይደላችሁም። ሰው አንድ ጊዜ ይዋሻል፣ ከዚያ እውነቱን ተናግሮ ይገላገላል ብዬ አስብ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የዓርቡ ውሸቴ አንድን ልጅ ከአባቱ ለየ። የማክሰኞው ያን አባት አሳረፈ። የማክሰኞውን ባነሣው እረፍታቸውን ነው የማነሣባቸው። ባላነሣው ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ በእኔ ውሸት ላይ ተኝተው ይኖራሉ። በየበዓሉ ይደውሉልኛል። «ልጄ» ነው የሚሉኝ። አሁን ካሏቸው ልጆች አንዷ አድርገውኛል።

ከእናንተ መካከል ፉሪ አካባቢ የሚኖር፣ ሰማያዊ ኮት የለበሱ፣ በእርጅናቸው ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሽማግሌ የሚያውቅ ይኖር ይሆናል። ይህን አንብቦ ይነግራቸው ይሆናል። ንገሩልኝ ልላችሁ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተዉት ልላችሁ ነበር። ሁለቱንም ጽፌ ሁለቱንም ሰረዝኳቸው። ዛሬም እንደዚያ ቅዳሜ፣ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።